ስለ አውቶሞቢል ቀለም ጭረትና ስለ ርካሹ መወልወያ

የክረምቱ ደመና ተገፎ የመስከረም ፀሐይ በወጣ ጊዜ፥ ዓመቱን ሙሉ ተሰውሮ የኖረው ጉድለት ሁሉ ይገለጣል። በቤት ውስጥ የመጋረጃው አቧራ፥ በግቢ ውስጥ የቆርቆሮው ዝገት፥ በበር ላይ ደግሞ የአውቶሞቢሉ ቀለም ይታያል። እኔም ባለፈው መስከረም አንድ ቀን ጧት ወደ ሥራዬ ልሄድ ስወጣ፥ ጥቁር ሰማያዊውን አውቶሞቢሌን ፀሐይ ከጎን መትታው አየሁና ደነገጥሁ። በኮፈኑ ላይ ብርሃኑ ባረፈበት ሥፍራ ዙሪያ የሸረሪት ድር የሚመስል፥ እጅግ የቀጠነ፥ ክብ ክብ የሆነ ጭረት ሞልቶበት ነበር። በደመና ሲያዩት ደኅና የነበረው ቀለም፥ በፀሐይ ሲያዩት እንደ አረጀ ብርጭቆ ደብዝዞ ተገኘ።

ነገሩ ያስጨነቀኝ ስለ ሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው፥ የእኅቴ ልጅ ሠርግ ለጥቅምት ተቆርጦ ስለ ነበረ፥ ሙሽራይቱን የሚያመጣት ይኸው አውቶሞቢል እንዲሆን ለእኅቴ ቃል ሰጥቼ ነበር። ሁለተኛው፥ አውቶሞቢል እንደ ልብ የሚለወጥ ዕቃ አለመሆኑ ነው፤ ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ ያለውን ጠብቆ ማቆየት የብዙ ቤተ ሰብ አሳብ ሆኗል። ስለዚህ በዚያው ጧት ግቢያችንን የሚጠብቀውንና አውቶሞቢሉን በየዕለቱ የሚያጥበውን ወጣት ጠርቼ በቤተ ሰቡ ሁሉ ፊት ተቆጣሁት። እርሱም አቀርቅሮ፥ «ጋሼ፥ እኔ በሰጡኝ ጨርቅ ነው የማጥበው» ብሎ መለሰልኝ። እኔም መልሱን እንደ ድፍረት ቈጥሬ አለፍሁት። ወደዚህ ነገር ኋላ እመለሳለሁ።

ጭረቱን ለማጥፋት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ጭረቱ ያለበትን ሥፍራ ማወቅ ይገባዋል። የዛሬ ዘመን አውቶሞቢል ቀለም አንድ ወጥ አይደለም። ከቆርቆሮው በላይ ዝገት የሚከላከል መሠረት አለ፤ ከእርሱ በላይ ዓይን የሚያየው ቀለም አለ፤ ከሁሉም በላይ እንደ መስተዋት የጠራ፥ ቀለሙን ከፀሐይና ከዝናም የሚጋርድ ቫርኒሽ አለ። ይህ ሁሉ ተደራርቦ ከፋብሪካ ሲወጣ ውፍረቱ ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ነው፤ አንድ ማይክሮን ማለት ሚሊ ሜትር ከሺሕ ቦታ ሲከፈል አንዱ ክፍል ነው። ቫርኒሹ ብቻውን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ያህል ሲሆን፥ የሰው ጠጕር ግን 70 ማይክሮን ያህል ይወፍራል። እንግዲህ ባለቤቱ እወለውላለሁ ብሎ የሚነሣበት ነገር ከአንዲት የራስ ጠጕር የሳሳ መሆኑን ያስተውል።

የሸረሪት ድር መስሎ የሚታየው ጭረት በዚህ በቫርኒሹ ፊት ላይ ነው። ክብ ይምሰል እንጂ ክብ አይደለም፤ ጭረቶቹ በየአቅጣጫው ተዘበራርቀው የተሠመሩ ናቸው። ነገር ግን ብርሃን በአንድ ሥፍራ ሲያርፍ፥ ከጭረቶቹ መካከል ለብርሃኑ አግድም የሆኑት ብቻ ወደ ዓይናችን ስለሚያንጸባርቁ፥ በብርሃኑ ዙሪያ እንደ ቀለበት ሆነው ይታያሉ። ማንም ሰው ራሱን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ቢያዘነብል ቀለበቱ አብሮት ሲሄድ ያያል።

በየሱቁ ጭረት ያጠፋል ተብሎ የሚሸጥ ብዙ ቅባት አለ። ከነዚህም አንዳንዱ ጭረቱን በዘይት ሞልቶ ለጥቂት ቀን ይሰውረዋል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲታጠብ ግን እንደ ቀድሞው ይሆናል። በእውነት መወልወል ማለት በጭረቱ ዙሪያ ያለውን ቫርኒሽ ልሞ እስከ ጭረቱ ወለል ዝቅ ማድረግ ነው። ስለዚህ በተወለወለ ቊጥር ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፤ የሄደውም አይመለስም። ይህን አስቀድሜ ዐውቄ ቢሆን ኖሮ ከዚህ በታች የምጽፈው ጥፋት ባልደረሰብኝ ነበር።

አባቴ በዚያ ሰሞን ከእኛ ዘንድ ሰንብተው ነበርና አሳቤን ሰሙ። እርሳቸው በጕልምስናቸው ዘመን ቮልስ ዋገን ነበራቸው፤ በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ በገዛ እጃቸው ይወለውሉት እንደ ነበረ እኔም በልጅነቴ አስታውሳለሁ። «ልጄ፥ ይህ ምን ያስቸግራል?» አሉኝ፤ «ቅባቱን አድርጎ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም እስኪይዝ ድረስ በጕልበት ማሸት ነው።» ለእርሳቸው አውቶሞቢል ምክሩ ትክክል ነበረ። የዚያ ዘመን ቀለም በላዩ ቫርኒሽ ስላልነበረው፥ ከላይ የሞተው ሲነሣ ከሥሩ ያው ቀለም ይወጣል፤ ጨርቁም ቀለም የያዘው ስለዚሁ ነው። እንዲያውም ዱፖን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1923 ዓ.ም. ያወጣው ዱኮ የሚባለው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም፥ ከተረጨ በኋላ ካልታሸ በቀር አያበራም ነበር። ዳሩ ግን በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ወዲህ ቀለሙን በቫርኒሽ መሸፈን በየፋብሪካው እየተለመደ ስለ መጣ፥ የአባቶች ጕልበት ለልጆች አውቶሞቢል የሚስማማ አልሆነም። ልዩነቱን መለየት ቀላል ነው፤ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ ከማይታይ ሥፍራ ማሸት ነው። ጨርቁ የአውቶሞቢሉን ቀለም ከያዘ ቫርኒሽ የለውም፤ ነጭ እንደ ሆነ ከቀረ ቫርኒሽ አለው።

በማግሥቱ ወደ መርካቶ ሄጄ መወልወያ ገዛሁ። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት መወልወያዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ስፖንጁን እያሽከረከረ ደግሞ ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘ ስለሚሠራ ቀለም ለማቃጠል አይቸኩልም፤ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ሁለተኛው በአንድ ዘንግ ላይ ብቻ የሚሽከረከረው ነው፤ ይህ ርካሽና ኀይለኛ ነው። እኔ የገዛሁት ሁለተኛውን ነው፤ ሻጩም «በአንድ ቀን ይጨርሱታል» አለኝ። በአንድ ቀን መጨረስ እንደሚቻል አልክድም፤ አውቶሞቢሉንም ጭምር።

የሚሽከረከረው መወልወያ አደጋው ከምን እንደሚመጣ በቊጥር ማሳየት ይቻላል። የስፖንጁ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና መሣሪያው በደቂቃ 1500 ጊዜ ቢዞር፥ የስፖንጁ ጠርዝ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል ማለት ነው፤ 3000 ጊዜ ቢዞር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ ሁሉ ሩጫ በአንድ ሥፍራ ለጥቂት ሴኮንድ ቢቆም ቫርኒሹን አግሎ ያለሰልሰዋል፥ ይልጠዋልም። ርካሽ በሆነው መሣሪያ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድለት ይጨመራል፤ ቀስ ብሎ አይነሣም፥ የፍጥነቱም ቊጥር እንደ ተጻፈው አይታመንም፥ ከሣጥኑ ውስጥ አብሮ የሚመጣው የበግ ጠጕርና ስፖንጅ ሸካራ ነው። ስለዚህ በመሣሪያው ዋጋ የተረፈውን ገንዘብ በደኅና ስፖንጅ ላይ ማዋል ይሻላል። ብረት በሚቈርጡበት ግራይንደር ላይ ስፖንጅ ገጥመው የሚወለውሉ ሰዎችም አይቻለሁ፤ ይህ መሣሪያ በደቂቃ ከ10000 ጊዜ በላይ ስለሚዞር ለቀለም ፈጽሞ የሚገባ አይደለም።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አውቶሞቢሉን በፀሐይ ላይ አቆምሁ፤ የፍጥነቱን ቊልፍ ወደ መጨረሻው አጠገብ አዞርሁ፤ የበግ ጠጕሩን ገጠምሁ። አባቴ ከበረንዳው ወንበር ላይ ሆነው «ጫን በለው፥ ጫን በለው» ይሉ ነበር። የኮፈኑ መካከል ሲያበራ ባየሁ ጊዜ ልቤ ሞላና ወደ ጠርዙ ወረድሁ። ኮፈኑ ወደ ታች በሚታጠፍበት ሥፍራ ቀለሙ ሲረጭ ስስ ሆኖ ይቀራል፤ መወልወያውም ኀይሉን ሁሉ በዚያች በቀጠነች መሥመር ላይ ያሳርፋል። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ፤ መሣሪያውን ሳነሣው የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ግራጫ ምልክት ወጥቶ አየሁ። ቫርኒሹም ቀለሙም ሄዶ መሠረቱ ታይቷል። አባቴ ከወንበራቸው ተነሥተው መጡና ጣታቸውን አሳርፈውበት ዝም አሉ። እኔም ዝም አልሁ። ዘበኛው ወጣት ግን ሳይጠየቅ የኤሌክትሪኩን ገመድ ነቀለ።

ሰኞ ወደ አንድ ቀለም ቀቢ ወስጄ አሳየሁት። ብረት የመሰለ ብልጭልጭ ያለበትን ቀለም በአንድ ሥፍራ ብቻ ቢቀቡት ከቀረው ጋራ ስለማይመሳሰል፥ ኮፈኑን ሁሉ ቀብቶ በግራና በቀኝ ያሉትን ፓራፋንጎዎችም ጥቂት ማስነካት እንደሚያስፈልግ ነገረኝ። ዋጋውን በሰማሁ ጊዜ ተውሁት። ነገር ግን ይህ ሰው ቸር ነበርና፥ ከግቢው ጥግ የተጣለ አንድ የአውቶሞቢል በር በጥቂት ገንዘብ ሰጠኝና፥ «በዚህ ላይ እስኪሰለችዎ ድረስ ይለማመዱ» አለኝ። ለአንባቢዎቼ ከምነግረው ሁሉ የሚበልጠው ይህ የእርሱ ቃል ነው። በዚያ በር ላይ ሆን ብዬ ቀለሙን እስካቃጥል ድረስ ወለወልሁበት፤ በስንት ጊዜ እንደሚግል፥ በምን ያህል ፍጥነት እንደሚያመልጥ እጄ ዐወቀው።

ከዚህ በኋላ በእውነተኛው አውቶሞቢል ላይ የሠራሁት እንደሚከተለው ነው። አስቀድሜ በደንብ አሳጠብሁት። ከታጠበ በኋላ እጅን በስስ ፌስታል ውስጥ ከትቶ ቀለሙን ቢዳስሱት፥ በባዶ እጅ የማይታወቀው ሻካራ ነገር ሁሉ ይታወቃል፤ ይህንንም ለዚሁ ተብሎ በተዘጋጀው፥ እንደ ሊጥ በሚለጠጠው ጭቃ በሳሙና ውኃ እያራሱ ማንሣት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ስፖንጁ አሸዋውን እየጎተተ አዲስ ጭረት ያወጣል። ቀጥሎ ጠርዙን ሁሉ፥ የመስኮቱን ጎማና ጽሕፈቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፈንሁ። ሥራውም በጥላ ሥር፥ ቆርቆሮው በቀዘቀዘበት በማለዳ ሆነ፤ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ጥቁር ኮፈንን እጅ እስከማያስነካ ያግለዋልና።

የጀመርሁትም በሸካራው አይደለም። ለስላሳ ስፖንጅና ለስላሳ ፖሊሽ ይዤ፥ በወርድም በቁመትም 40 ሳንቲ ሜትር በሆነች አንዲት ሥፍራ ብቻ ሞከርሁ። ጭረቱ በዚህ ከለቀቀ ከዚህ የበረታ ነገር ማን ይፈልጋል? ካለቀቀ ብቻ አንድ ደረጃ ከፍ ይባላል። በስፖንጁ ላይ እንደ ሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ አራት ጠብታዎች አድርጎ፥ መሣሪያውን ከማስነሣት በፊት ስፖንጁን በቀለሙ ላይ አስተኝቶ ጥቂት መቀባት ነው፤ በአየር ላይ ያስነሣው እንደ ሆነ ፖሊሹ በባለቤቱ ፊትና በአጥሩ ላይ ይረጫል። መጀመሪያ በደቂቃ በ600 ዙር ይበተናል፤ ከዚያ ወደ 1200 ከፍ ይላል፤ ግፋ ቢል 1500። ከዚህ በላይ የሚያስኬድ ምክንያት አላገኘሁም። ክንድ መጫን የለበትም፤ ሦስት ኪሎ ያህል የሚመዝነው የመሣሪያው ክብደት ራሱ ይበቃል። ስፖንጁ ሳይዘም ዝርግ ሆኖ፥ በሴኮንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል እየተጓዘ፥ እያንዳንዱ መሥመር የፊተኛውን እኩሌታ እየደረበ ይሄዳል፤ ከዚያም እርሻ በመስቀልያ እንደሚታረስ ዳግመኛ ካግድሙ ይሄዳል። መቆም ግን የለም። በየመካከሉም ግራ እጅን በቀለሙ ላይ ማሳረፍ ይገባል፤ ለብ ማለቱ ደግ ነው፥ መዳፍ የማያሳርፍ ከሆነ ግን ሥራው ይቁም።

በጠርዝና በታጠፈ ሥፍራ ዙሩን ወደ 600 መልሶ፥ የስፖንጁ ሽክርክሪት ከቆርቆሮው ወደ ውጭ እንዲወጣ እንጂ ከውጭ ወደ ጠርዙ እንዳይገባ አድርጎ ይዞ በፍጥነት ማለፍ ነው። እኔስ ከደረሰብኝ በኋላ ጠርዙን በእጄ ብቻ አሸሁት። ፓራውልቱም ከፕላስቲክ የተሠራ ስለ ሆነ ሙቀቱን እንደ ብረት አያሰራጭም፤ ስለዚህ ከኮፈኑ ፈጥኖ ይቃጠላልና ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

በአገራችን ልዩ ሆኖ ሊነገር የሚገባው ነገር ደግሞ ይህ ነው። ኤሌክትሪክ በሥራ መካከል ቢቋረጥ፥ የመሣሪያው ማስነሻ ተቈልፎ እንደ ሆነ ወዲያው ሊፈታና ገመዱ ሊነቀል ይገባዋል። ይህ ሳይደረግ ኤሌክትሪኩ ሲመለስ፥ መወልወያው በኮፈኑ ላይ ተቀምጦ እንዳለ በድንገት ይነሣና ራሱን እየወረወረ ቀለሙንም፥ በአጠገቡ ያለ ልጅ ቢኖርም ልጁን ይጎዳል። ገመዱንም በትከሻ ላይ ጥሎ መሥራት እንጂ በቀለሙ ላይ መጎተት አይገባም።

አንዱ ሥፍራ ሲያልቅ ስፖንጁ በብሩሽ ይጠረጋል፤ የደረቀ ፖሊሽና የተላጠ ቫርኒሽ ተጣብቆበት ከቈየ ራሱ ይቧጭራልና። ቀለሙም በማይክሮፋይበር ጨርቅ ተጠርጎ፥ ከዚያ በኋላ በውኃ በቀጠነ አልኮል ይወለወላል። አልኮሉ የሚያስፈልግበት ምክንያት፥ የፖሊሹ ዘይት ጭረቱን ሸፍኖ የጠፋ ስለሚያስመስለው ነው። ብዙ ሰው ራሱን የሚያታልለው በዚህ ነው፤ ማታ የጠፋው ጭረት ከሁለት እጥበት በኋላ ተመልሶ ሲመጣ መሣሪያውን ይረግማል።

የሚሽከረከረው መወልወያ ደግሞ የራሱ የሆነ ምልክት ይተዋል። የሸረሪት ድሩን አጥፍቶ በስፍራው እንደ ሐር ጨርቅ የሚወዛወዝ ጥላ ያወጣል፤ በጥላ ሥር አይታይም፥ በፀሐይ ግን አውቶሞቢሉ ሲሄድ አብሮ ይንቀሳቀሳል። ይህንን ለማጥፋት እጅግ ለስላሳ የሆነ ስፖንጅና እጅግ የላመ ፖሊሽ ይዞ፥ ዙሩን ዝቅ አድርጎ እንደገና ማለፍ ያስፈልጋል። ይህን ሁለተኛ መንገድ ሰንፎ የተወ ሰው፥ ካልወለወለው ጎረቤቱ ይልቅ አውቶሞቢሉን አበላሽቷል እላለሁ። እኔ ለኮፈኑ ብቻ ግማሽ ቀን፥ ለቀረው ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ፈጀብኝ። ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዘውን ጥልቅ ጭረት ግን አልነካሁትም፤ እርሱን አጠፋለሁ ማለት ቫርኒሹን ሁሉ መጨረስ ነውና ባለበት ይቀመጥ። በመጨረሻም ሰም ቀባሁት።

አሁን ወደ ዘበኛው ወጣት ነገር እመለሳለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ስንሠራ ሳለን፥ የሚያጥብበትን ዕቃ እንዲያመጣ ነገርሁት። አንድ ባልዲ፥ የልብስ ሳሙና ዱቄት፥ ሦስት ዓመት የለበስሁት የራሴ ሸሚዝ ቍራጭ አመጣ። ቁልፉ እንኳ አልተነቀለለትም ነበር። ሸሚዙን በባልዲው ውስጥ ባራገፍሁት ጊዜ ከውኃው በታች እንደ ዱቄት የላመ አሸዋ ተኛ። ይህ ልጅ በየጧቱ፥ በእኔ ትእዛዝ፥ በእኔ ሸሚዝ፥ የትናንቱን አቧራ በዛሬው ቀለም ላይ ሲፈጨው ኖሯል። አቧራ በደረቁ መጥረግ፥ ያንኑ ጨርቅ በዚያው ውኃ እያጠቡ መመለስ፥ ከመንኰራኵሩ አንሥቶ ወደ ኮፈኑ መውጣት፤ የሸረሪት ድር የሚፈተለው እንዲህ ነው።

በዚያው ቀን ሁለት ባልዲ ገዛሁ፤ አንዱ ለሳሙናው ውኃ፥ አንዱ ጨርቁ ለሚታጠብበት። ከላይ ወደ ታች እንዲታጠብ፥ አስቀድሞ በጎማ ውኃ አቧራው እንዲወርድ፥ ለመንኰራኵሩ የተለየ ጨርቅ እንዲሆን፥ አቧራማ በሆነ ቀን ሁሉ ከመጥረግ በሳምንት አንድ ጊዜ በደንብ እንዲታጠብ ተስማማን። ማታም ለራት በተሰበሰብን ጊዜ ልጁን አስጠርቼ፥ ባለፈው በተቆጣሁበት ፊት ሁሉ፥ ጥፋቱ የእኔ እንደ ነበረ ነገርሁት። እርሱም ምን እንደሚመልስ ጠፍቶት «ምንም አይደል፥ ጋሼ» አለና ወጣ። አባቴ ሳቁ፤ «እኔም ጫን በለው ብዬሃለሁ፤ ከጥፋቱ ድርሻዬን ስጠኝ» አሉ።

ሙሽራይቱ በጥቅምት በዚያው አውቶሞቢል መጣች። በኮፈኑ ጠርዝ ላይ ያለውን ምልክት ቀለም ቀቢው ዝገት እንዳይበላው በትንሽ ብሩሽ ነካ አድርጎልኛል፤ ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ግን ይታወቃል። የሠርጉ ዕለት እኅቴ አበባውን ስታሥር በዚያ ሥፍራ ላይ አንድ ሰፊ ሪባን አሳለፈችበት። መወልወያው ከዚያ ወዲህ ከሣጥኑ አልወጣም፤ ባልዲዎቹ ግን ሁልጊዜ ቅዳሜ ጧት ይወጣሉ።